ኦርቪል ቀለም ሲመርጥ

ባሌ ኦርቪል የቤታችንን ቀለም ለመምረጥ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀበት። እግዜር ሰማይና ምድርን ሠርቶ በሰባተኛው ቀን አረፈ፤ የኔው ጌታ ግን በዓመት ከመንፈቁ የመስኮቱን ጠርዝ ገና አልወሰነም ነበር። ያውም እግዜር ያለ ናሙና ነው የሠራው።

ነገሩ የጀመረው ከጉልበቴ ነው። ቤታችን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ካሉት ቁልቁለቶች አንዱ ላይ የተንጠለጠለ የቪክቶሪያ ዘመን የእንጨት ቤት ነው። ከመንገዱ እስከ በሩ ደረጃ፣ ከበሩ እስከ መኝታ ቤቱ ሌላ ደረጃ። ወጥ ቤቱ ታች፣ መጸዳጃው ላይ። ያን ጊዜ የሠሩት ሰዎች ጣሪያውን በእንጨት ጥልፍ ሲያሽሞነሙኑ፣ ዓምዱን እየጠመዘዙ ሲቀርጹ፣ አንዲት አሮጊት ሌሊት ተነስታ ሽንት ቤት እንደምትሄድ ትዝ ያለው አልነበረም። ሐኪሙ ጉልበቴን ጎንበስ ብሎ ዳሰሰና «እመቤቴ፣ ወይ ደረጃውን ይተዉት፣ ወይ አንድ ቀን እሱ ራሱ ይጥልዎታል» አለኝ። እንዲህ ያለ ምክር ለመስማት ነው እንግዲህ ግማሽ ቀን ወረፋ የጠበቅኩት።

ልጃችን ማርጎ ሳክራሜንቶ ነው የምትኖረው። እሷ ቤት አጠገብ ደረጃ የሚባል ነገር የሌለው፣ ሁሉ ነገሩ ምድር ላይ የሆነ ደህና አፓርታማ አገኘችልን። የቤት ደላላዋ ፕሪሲላ መጣችና ቤቱን ዞራ አይታ «ውስጡ ግሩም ነው፣ ፊቱ ግን እንደ ተላጠ ሽንኩርት ሆኗል። ቀለም ሳይቀባ ለገበያ አይቀርብም» አለች።

«የኔ ቤት ተላጦ አይሸጥም» አለ ኦርቪል። «ቀለሙን እኔ መርጬ፣ አስቀብቼ፣ ከዚያ ይሸጣል።»

እኔም እሺ አልኩ። ቂል ነኝ።

እዚህ ሰፈር ቀለም በወረቀት ላይ አይመረጥም። ጠዋት ጉም አለ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ፣ ከሰዓት ደግሞ ጉሙ የረሳው ዕቃ እንዳለ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ጠዋት ሰማያዊ የነበረው ማታ ግራጫ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሰዉ ሁሉ የሚያስበውን ቀለም ግድግዳው ላይ በብሩሽ እንደ መጣፊያ እየለጠፈ፣ ጥቂት ቀን አይቶ ይወስናል። ሳምንት ይበቃል። ቢበዛ ሁለት። እስከዚያው አላፊ አግዳሚው ይፈርዳል። በእኛ መንገድ ላይ ስለ ሃይማኖትህ የሚጠይቅህ የለም፣ ስለ ደሞዝህም የሚጠይቅህ የለም። የመስኮትህን ጠርዝ ቀለም ግን ውሻውን ሊያንሸራሽር የወጣ ሁሉ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይዳኘዋል። ውሻውም ይዳኛል፤ እሱስ ደረጃችን ሥር ነው አስተያየቱን ትቶ የሚሄደው።

ኦርቪል መጀመሪያ አረንጓዴ ለጠፈ። ወይራ መሳይ፣ ጠቆር ያለ። ደስ ይል ነበር። እኔም «በቃ፣ ተገላገልን» ብዬ ዕቃ የማስርበት ካርቶን መለቃቀም ጀመርኩ። በማግስቱ ከአረንጓዴው አጠገብ ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ አየሁ። በሳልስቱ የበሬ ደም የመሰለ ቀይ። ከዚያ ክሬም፣ ከዚያ ትንሽ ጠቆር ያለ ክሬም፣ ከዚያ በሁለቱ ክሬሞች መካከል ያለ ክሬም።

«ኦርቪል፣ አረንጓዴው ምን ጎደለው?» አልኩት።

«ጠዋት ጥሩ ነው። ከሰዓት ግን ያዝናል።»

«ቀለም ያዝናል?»

«ያዝናል።»

«እኔስ? እኔ ከሰዓት እንዴት ነኝ?»

«አንቺ ጠዋትም ከሰዓትም ትቆጪያለሽ። አንቺ አትለቂም።»

አርባ ዓመት የትራም ሹፌር የነበረ ሰው ነው። አንድ ሐዲድ ላይ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ኖሮ፣ ምርጫ የሚባል ነገር ሲያገኝ ይኸው ሰከረበት አልኩ በሆዴ። ወራት አለፉ። ክረምቱ አልፎ ጸደይ መጣ፣ ጸደዩ አልፎ የበጋው ጉም መጣ። ግድግዳው የእብድ ካፖርት መሰለ።

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራረጧል!» ብዬ ጮህኩበት አንድ ቀን። «ቤቱን የሚገዛው ሰው ነው የሚያየው፣ አንተ ሳክራሜንቶ ሆነህ አታየውም!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ዊኒ።»

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ የኔ እግር አለቀ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ደረጃውን በቂጤ እየተንሸራተትኩ ወደ ወጥ ቤት ወረድኩ። በዚያን ጊዜ የደረስኩበት የአወራረድ ጥበብ ይሄ ነበር፤ የአንድ ዓመት ሕፃንም በዚሁ ዘዴ ነው የሚወርደው፣ እሱ ግን ወደፊት ይሻሻላል።

ጎረቤታችን ግሌንዳ በዚህ ሁሉ መሐል ሥራ አልፈታችም። የግሌንዳ ቤት ሐምራዊ ነው። ጠርዙ ሮዝ፣ በሩ ሎሚ፣ ዓምዶቹ ላይ ደግሞ የወርቅ ቅብ ቀለበት አለ። ፀጉሯንም ከቤቱ ጋር እንዲሄድ ሐምራዊ አድርጋዋለች። ቤቱን እንደገና ያስቀባች ዕለት እሷንም ደርበው ይቀቧት ይሆናል። እሷ ናት ባርናቢን ያመጣችብን።

ባርናቢ የቀለም አማካሪ ነው። እንዲህ የሚባል ሥራ አለ፤ እዚህ ከተማ ውስጥ እንዲያውም ጥሩ እንጀራ ነው። ቀጭን፣ በሐሩርም በጉምም ሻርፕ የማይለየው ሰውዬ። መጣና ግድግዳችን ላይ መዳፉን ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቅነው። ከመጠበቅ ብዛት እኔ ቁጭ አልኩ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩት።

«ቤቱን እያዳመጥኩ ነው። ሴት ናት» አለኝ በሹክሹክታ። «ዕድሜዋ የገፋ፣ ኩሩ፣ የተረሳች።»

«ኧረ? እንግዲያው እኩዮች ነን። ስለ ጉልበት ያለችዎት ነገር የለም?»

አልሰማኝም፤ ከቤቲቱ ጋር ወሬ ይዞ ነበር። በመጨረሻ ዘጠኝ ቀለም አዘዘ። ለአንድ ቤት ዘጠኝ! ለግድግዳው ሁለት፣ ለእንጨት ጥልፉ ሦስት፣ ለምኑ ለምኑ እንደሆነ የማላውቀው ደግሞ የቀረው። እኔ ሰማይ የተደፋብኝ ሲመስለኝ ኦርቪል ፊቱ በራ። አዲስ ዘጠኝ ቀለም የሚሞክር ሰው ሆነ! በየወሩ ባርናቢን እየጠራ «ይሄኛው ትንሽ አልቀዘቀዘም?» ይለዋል። እያደር የባርናቢ ሻርፕ ራሱ ተጨማደደ።

«ጌታዬ» አለው አንድ ቀን፣ «በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ሴት ባሏን እስክትፈታ ድረስ በሰማያዊ ስትጣላ አይቻለሁ። እንደ እርስዎ ያለ ግን አላየሁም። ቤትዎም ዝም ብላኛለች።»

ሄደ። ተመልሶም አልመጣ። የቀለም አማካሪን በቀለም ያስመረረ የመጀመሪያው ሰው የኔ ባል ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ደግሞ የባሰው መጣ። የሰፈራችንን ቤቶች ለማየት ቱሪስት የማይመጣበት ቀን የለም፤ ቢጫ ጃንጥላ የያዘ አስጎብኚ ከፊት፣ መንጋው ከኋላ። ድሮ የኛን ቤት ዘለው ነበር የሚያልፉት። አንድ ጠዋት ግን ከመስኮቴ ሥር ቆሙና አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገ።

«የዚህ ቤት ባለቤት ሠዓሊ ነው» አለ። «እነዚህ የምታዩዋቸው ቁራጮች እያንዳንዳቸው በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ ሕዝብ ናቸው። ክፍት ቦታዎቹ ደግሞ ገና ለሚመጡት የተተዉ ናቸው።»

መስኮቱን በርግጄ ወጣሁ፤ ማለቴ እስከ ወገቤ።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «ባለቤቱ ጡረታ የወጣ የትራም ሹፌር ነው! ክፍት ቦታውም ሰነፍ ስለሆነ የተተወ ነው!»

አጨበጨቡልኝ። እናንተዬ፣ አጨበጨቡልኝ! የትርዒቱ አካል መስያቸው ነው። አንዷማ «አንድ ጊዜ ደግመው ይቆጡልን፣ ካሜራዬ ዘግይቶብኝ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መንጋው በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ቀና ብሎ መስኮቴን ይጠብቃል። የሰፈሩ ማኅበርም በዓመቱ የቤት ቀለም ውድድር ሦስተኛ ሽልማት ሰጠን፣ «ለድፍረት» ተብሎ። ኦርቪል የምስክር ወረቀቱን መስታወት አስገብቶ ሰቀለው። ለሐምራዊ ቤቷ ምንም ያልተሰጣት ግሌንዳ ለብዙ ቀን ሰላምታ ነሳችን። ከሽልማቱ የተጠቀምኩት ነገር ቢኖር ይቺ ዕረፍት ናት።

እናንተ አሁን «ይቺ ሴትዮ አልገባትም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ገብቶኛል። ከሦስተኛው ክሬም ጀምሮ ገብቶኛል። ማርጎም ስልክ ደውላ «እማዬ፣ አባዬ መሸጥ አይፈልግም እኮ» ብላኛለች።

«አጣሁት መሰለሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ለምን አታናግሪውም?»

«እሱ ያናግረኝ! አፍ የለውም? ቀለም ያዝናል ለማለት የማያንሰው ሰው፣ አልሄድም ለማለት ምን አነሰው?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይሄ ነው። ኦርቪል ላይ ቤት ባለችው ክፍል ውስጥ ነው የተወለደው። አባቱ በዚያ ደረጃ ወጥቶ፣ በዚያ ደረጃ ነው ሬሳው የወረደው። ቀለሙ ተመርጦ እስካላለቀ ቤቱ አይቀባም፣ ካልተቀባ አይሸጥም፣ ካልተሸጠ ደግሞ ሰውዬው ጠዋት ጠዋት ቡናውን ይዞ ደረጃው ላይ ቆሞ ግድግዳውን ያያል። አልፈልግም ቢለኝ ተሰዳድበን፣ አንድ ሁለት ሳህን ሰባብረን እንጨርሰው ነበር። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ጉልበቴን አሳየዋለሁ፤ ማታ ማታ እንደ ሊጥ ኩፍ የሚለውን። ግን እሱ አልተናገረ፣ እኔም አልጠየቅኩ። እሱ ቀለም ይለጥፋል፣ እኔ በቂጤ እንሸራተታለሁ። ትዳር ነው እንግዲህ።

ነሐሴ ላይ ወደቅኩ።

ጉሙ ከባሕር ተነስቶ ሰፈሩን ውጦት፣ ደረጃው ረጥቦ ነበር። ከገበሬዎች ገበያ ኮክ ገዝቼ፣ ከረጢቱን አቅፌ ስወጣ አጋማሹ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ዘጭ አልኩ። ኮኩ ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ አንዱ ሌላውን እየቀደመ በመንገዱ መሐል ወደ ታች። የሚገርማችሁ፣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ ኮኩ ነው።

ኦርቪል በሩን ከፍቶ ሮጦ ወረደ። ብብቴ ሥር እጁን አስገባ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ።

ምንም የለም።

«አንዴ ቆይ። እንደገና። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ፊቱ የበሬ ደም መሰለ፣ ያ መስኮቱ አጠገብ የለጠፈው። ሦስተኛ ሞከረ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ቁና ቁና እየተነፈሰ።

«በል እንግዲህ» አልኩት ላስቀው ብዬ፣ «እዚህ ከተቀመጥን አይቀር ቀለሙን ከታች ሆነህ እየው።»

አልሳቀም። ለወትሮው ይስቅልኛል።

በዚህ መሐል ግሌንዳ ከነውሻዋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ሁለታችንን ደረጃ ላይ ጎን ለጎን ስታየን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ፣ እንዴት ታምራላችሁ! በዚህ ዕድሜ ፍቅር! አትነቃነቁ፣ አትነቃነቁ!» ብላ ስልኳን አወጣች።

«መነቃነቅ ብችል እዚህ ምን አጎለተኝ?» አልኳት። «ፎቶውን ተይና ሰው ጥሪ፣ አንቺ ሐምራዊ!»

ከመንገዱ ማዶ ቤት የሚቀባው ሄክቶር መጣ። ሄክቶር የኤል ሳልቫዶር ሰው ነው፣ ጎረምሳ ሳይሆን ደልደል ያለ ጎልማሳ፤ የኛን ቤት ሊቀባ ቃል ከተገባለት ቆይቷል፣ ባየን ቁጥር «እህ፣ ጌታዬ?» እያለ ይጠይቃል፣ ኦርቪልም «በቅርቡ» ይለዋል። ብሩሹን ኪሱ ከተተና እንደ ቀለም ባልዲ ብድግ አድርጎ አቆመኝ። እንዲያውም አላቃሰተም። ኦርቪል ጀርባውን ሰጥቶን ኮክ ይለቅም ነበር። የተፈረጠውንም ያልተፈረጠውንም፣ አንድ በአንድ።

ያን ዕለት ማታ ወጥ ቤት ገባ። ኮኩን አጥቦ፣ ልጦ፣ የተመታውን እየቆረጠ ጥሎ ደህና ደህናውን ሳህኔ ላይ አደረገልኝ። እኔም ስለ ሁሉ ነገር ብዙ አወራሁ፤ እኔ ዝም ካልኩ ቤቱ ዝም ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር ድምፁን ሰማሁ።

«ሄክቶር! አረንጓዴው ይሁን። በስተግራ ያለው፣ የመጀመሪያው።»

«እርግጠኛ ነዎት ጌታዬ? ነገ ደግሞ...»

«ቀባው። ዛሬ ጀምር።»

እኔ ላይ ሆኜ «ከሰዓት ያዝናል ብለህ አልነበር እንዴ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ይዘን» አለ።

ሄክቶርና ሰዎቹ የብረት መወጣጫቸውን ተከሉ። መስከረምና ጥቅምት እዚህ አገር ጉም ዕረፍት የሚወጣበት፣ ፀሐይ በደንብ የምትታይበት ጊዜ ነው። ያን ሁሉ መጣፊያ ፍቀው አወረዱት። ኦርቪል ወንበር ተሸክሞ ማዶ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ከጠዋት እስከ ማታ ሲያይ ይውላል። እኔ ከወደቅኩ ወዲህ ለሐኪም ካልሆነ ወደ መንገዱ አልወርድም፤ ከመስኮት ሆኜ ብቻ እጠይቀዋለሁ።

«እንዴት ነው?»

«እየሆነ ነው።»

«ያዝናል?»

«ትንሽ።»

መወጣጫው የተነሳ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። አስጎብኚው ባለ ጃንጥላም ሳይቀር አፉን ይዞ ቆመ፤ የሚዋሸው ጠፋው። እኔ ሳሎን ተጎልቼ ጩኸቱን ስሰማ ግሌንዳ ደረጃውን በሩጫ ወጥታ፣ የጉንጯ ቀለም በእንባ ተበላሽቶ፣ ስልኳን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። ግድግዳው ያ ወይራ አረንጓዴ። ዓምዶቹና የእንጨት ጥልፉ ክሬም። የመስኮቱ ጠርዝ የበሬ ደም፣ ቀጭን ሆኖ፣ ዓይን እንደ መኳል። ከላይ ጣሪያው ሥር በእንጨት የተቀረጸች ፀሐይ አለች፤ ጨረሯ ላይ ብቻ ወርቅ። ዘጠኝ ቀለም ሳይሆን አራት። ቆንጆ ነበር። ይቺን ቃል ከአፌ ለማውጣት ብዙ ታግያለሁ፣ ግን ቆንጆ ነበር። ጥርሴን ነክሼ «ምንም አይል» አልኩ፤ ግሌንዳ ስትወርድ ጠብቄ ግን አነባሁ።

ገዢ እንደ ዝንብ መጣ። ፕሪሲላ ከሁሉም አስበልጣ ያመጣቻቸው ትሬቨርና ሲየና የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ክፉ ልጆች አይደሉም፤ መጥፎ ነገር መናገር አልፈልግም፣ ትንሽ ቢሆንም እናገራለሁ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነጭ ጫማ አድርገዋል፣ የእግር ኮቴያቸው አይሰማም። ሲየና የደረጃውን መደገፊያ ደባበሰች፣ ጣሪያውን አየች፣ «ይሄ ቤት ነፍስ አለው» አለች። ኦርቪል ደስ ሲለው አየሁ። ሻይ አፈላሁላቸው። ዋጋውም ተስማማ፣ ቀኑም ተስማማ፣ ፕሪሲላ ወረቀቷን አወጣች።

«አንድ ትንሽ ነገር ብቻ» አለ ትሬቨር ፈገግ ብሎ። «ከመግባታችን በፊት ውጪውን እናስቀባዋለን።»

«አሁን ተቀባ እኮ፣ የኔ ልጅ» አልኩት። «ገና ጠረኑ አልጠፋም።»

«አዎ፣ አይተናል፣ በጣም... ደማቅ ነው» አለች ሲየና። «እኛ ጥቁር ነው ያሰብነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ግድግዳውን፣ ጠርዙን፣ ጥልፉን። በሩ ብቻ ብርቱካናማ። አሁን እንደዚያ ነው የሚደረገው፣ ሥርዓት ያለው ሆኖ ይታያል።»

ፕሪሲላን አየኋት። ፕሪሲላ ጣሪያውን አየች።

ከዚያ ደሜ ፈላ። እኔ፣ ይሄን ቤት ዓመት ከመንፈቅ ስረግም የኖርኩት እኔ፣ ጉልበቴን ረስቼ ብድግ አልኩ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?» አልኩ። «ምን ልታለቅሱበት ነው የገዛችሁት? ያቺን ፀሐይ ጥቁር ልትቀቡ? ባሌ ለዚህ ቀለም ስንት ወር ቆሞ እንዳየው ታውቃላችሁ? በጉም አይቶታል፣ በፀሐይ አይቶታል! የቀለም አማካሪ አስመርሮ አባሮበታል! እናንተ ሻያችሁን ሳትጨርሱ ጥቁር ትላላችሁ? ተነሱ! አይሸጥም! ፕሪሲላ፣ ወረቀትሽን ሰብስቢ!»

«ዊኒ» አለ ኦርቪል።

«አትዊኒኝ!»

«ጥቁር መጥፎ ቀለም አይደለም። አቧራ ያሳያል እንጂ...»

«አበድክ? አትፈልግም እኮ! መሸጥ አትፈልግም፣ ፈልገህም አታውቅም! እስቲ ዛሬ በሰው ፊት በላት! አልፈልግም በል!»

«አልፈልግም» አለ።

ትሬቨር የሻይ ስኒውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«አልፈልግም» አለ እንደገና፣ ሳይጮህ። «ላይ ቤት ነው የተወለድኩት። እዚያው ብሞት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያን ቀን ላነሳሽ አልቻልኩም፣ ዊኒ። ሦስቴ ሞከርኩ። ከዚያ ወዲህ አንቺ ደረጃው ላይ ስትሆኚ እኔ ወጥ ቤት ትንፋሼን ይዤ ነው የምቆመው፣ ታች እስክትደርሺ። ሄክቶር ማዶ ባይኖርስ? ሌላ ቀን ላነሳሽ አልችልም። ይሄው ነው። ቤቱን ጥቁር ይቀቡት። ከፈለጉ ቢጫ ነጠብጣብ ያድርጉበት።»

እዚያው በነዚያ ልጆች ፊት፣ በደላላዋ ፊት፣ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። ሲየናም ማልቀስ ጀመረች፣ እሷን ምን እንደነካት እንጃ።

ከተረጋጋሁ በኋላ ፈረምን። «ቢያንስ ርካሽ ጥቁር እንዳትገዙ» አልኳቸው፣ «በዓመቱ ይነጣል።» በወረቀቱ መጨረሻ ላይ የኦርቪል ፊርማ ከኔው ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር።

ልጆቹ ሲሄዱ ኦርቪል ካፖርቴን አመጣልኝ። «ነይ» አለኝ። «ከማዶ ሆነሽ አላየሽውም። ፎቶ ቀለም አያሳይም።»

«ደረጃውስ?»

«ቀስ እንላለን።»

በሩን ከፈተ። እሱ ከኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ፣ የኋሊት ይወርድ ጀመር። ሁለት እጄን ትከሻው ላይ አደረግኩ። በዚህ ዕድሜ የኋሊት! መደገፊያውን በአንድ እጁ ጨብጧል፣ በሌላው ወገቤን።

«አንተ ሰው፣ ለምን ከፊቴ ትሆናለህ? ብወድቅ እኮ አንተ ላይ ነው የምወድቀው።»

«ለዚያ ነው» አለ።

እንዲህ ያለውን ጅል ምን ይሉታል? ሊያነሳኝ ካልቻለ ሊነጠፍልኝ ተነስቷል። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ተውኩት፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ እያየሁ ልነግረው ስለነበረብኝ። «ግራህን» እለዋለሁ፣ ያወርዳል። «አሁን ቀኝህን» እለዋለሁ፣ ያወርዳል። እንደዚያ እየተባባልን ወረድን።